ባሕር ዳር ላይ ሊንዲ ሆፕን እንዴት እንደ ተማርሁና የአጎቴ ልጅ ትከሻ

ሊንዲ ሆፕ የተባለውን፣ ስዊንግ በሚሉት የአሜሪካ ጃዝ ሙዚቃ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩትን ዳንስ መማር የጀመርሁት በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ዛሬ ስጨፍር የሚያየኝ ሰው ነገሩ በደስታ ብቻ የተገኘ ሊመስለው ይችላል። ይህን የምጽፈው ግን፣ በጊዜው አንድ የሚያውቅ ሰው አስጠንቅቆኝ ቢሆን ኖሮ የአጎቴ ልጅ ቀኝ ትከሻ ዛሬ ጤነኛ ይሆን ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

ዳንሱን መጀመሪያ ያየሁት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራበት በነበረ አንድ የጣና ዳር ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታ የሙዚቃ ቡድኑ የኢትዮ ጃዝ ዜማ ሲጫወት፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት እንግዶች ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ተራርቀው ክንዳቸው ከተዘረጋ በኋላ፣ አንዳቸውም ሳይጎትቱ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ እንደገናም ይራራቃሉ። ሲጨርሱ ቀርቤ ስሙን ጠየቅኋቸው። ሩብ ሰዓት ያህል የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አሳዩኝና በማግስቱ ጉዟቸውን ቀጠሉ። እኔ በጉርምስናዬ አምስት ዓመት በኪነት ቡድን ውስጥ እስክስታ የመታሁ ሰው ስለ ነበርሁ፣ ይህ አይከብደኝም ብዬ አሰብሁ።

መማር ለምትፈልጉ፣ ከጫማ ልጀምር፤ የጎማ ሶል ወለሉን እየያዘ ጉልበት ያጣምማልና ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ የቆዳ ሶል አስመቱ። ሙዚቃውን በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ከሚሄደው ጀምሩ፤ ወደ 180 የሚጠጋውን ለአንድ ዓመት አትንኩት። ወለሉ እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ ያገኘነው ሲሚንቶ ነበር፤ ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ያንን የሲሚንቶ ወለል ለማግኘትም ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። አዳራሹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ ደብዳቤውን ሳመጣ ማኅተም የለውም ተባልሁ፤ ማኅተሙን ሳስመታ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሹም «ይህ የእኛ ባህል አይደለም፤ እስክስታ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንፈቅዳለን» አለኝ። ስዊንግን ለዓለም ካሰሙት ታላላቅ ሙዚቀኞች አንዱ የሆነው ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ እንደ ተጫወተ፣ ከንጉሠ ነገሥቱም ሽልማት እንደ ተቀበለ ነገርሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ተፈቀደልን። ስለዚያ ሰው ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዳንሱን የፈጠሩት በኒው ዮርክ ከተማ ሐርለም ሰፈር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያሳደጉትም ከ1926 እስከ 1958 ክፍት በነበረው በሳቮይ የዳንስ አዳራሽ ነው፤ ጥቁርና ነጭ በየቦታው ተለያይቶ በሚኖርበት አገር፣ በዚያ አዳራሽ ግን ሁሉም በአንድ ወለል ላይ ይጨፍር ነበር። አንድ አዳራሽ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው የሦስት ሳምንቱ ምልልስ ቀላል አይደለም።

እስክስታ የሚችል ሰው ሊንዲ ሆፕን ግማሽ ያህል ያውቀዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለጆሮ ከሆነ እውነት ነው። የእኛ ችክችካ ምቱን ለሦስት ከፍሎ ይሄዳል፤ ስዊንግም እንዲሁ ምቱን ለሦስት ይከፍልና ሁለቱን እጅ ለመጀመሪያው ድምፅ፣ አንዱን እጅ ለሁለተኛው ይሰጣል፤ ስለዚህ የጎጃም ልጅ ያንን የሚያነክስ የሚመስል አካሄድ ለመስማት አይቸገርም። አካሉ ግን ይቸገራል። እስክስታ ላይ ትከሻ ለብቻው ይናገራል፣ እግር ዝም ይላል። ሊንዲ ሆፕ ላይ ምቱን የሚይዘው ጉልበት ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ወደ መሬት ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ላይ አይነጥርም። ትከሻ ደግሞ ከጀርባ እስከ ጣት በሚዘረጋው መስመር መካከል ስለሚገኝ፣ እኔ ሳላስበው በነቀነቅሁት ቁጥር እጄን የያዘችው ሴት ያልላክሁላት መልእክት ይደርሳታል። ይህን ለማስተካከል በዚያ ክረምት በየማለዳው ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ፣ ዘንባባዎቹ ሥር ባለው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል በምቱ ብቻ እራመድ ነበር። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የስድስት ምት እርምጃ ያስቆጥራሉ፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ መራመድ ብቻ ይበቃል እላለሁ። ከሠራሁት ሁሉ ምንም የማልጸጸትበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የጸጸቴ ምንጭ ስዊንግ አውት ነው። ይህ እርምጃ የዳንሱ እምብርት ሲሆን ስምንት ምት ይፈጃል። በአንድና በሁለት መሪው ወደ ኋላ ሲረግጥ ተከታይዋ ወደ እርሱ ትመጣለች፤ በሦስትና በአራት በሦስት ፈጣን እርምጃ ተቀራርበው ይተቃቀፋሉ፤ በአምስትና በስድስት እርሱ ከመንገዷ ዞር ሲልላት እርሷ ጉዞዋን ትቀጥላለች፤ በሰባትና በስምንት እንደገና በሦስት ፈጣን እርምጃ ተራርቀው ይረጋጋሉ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንድ የቪዲዮ አስተማሪ ግን የሚለጠጥ ነገር ከበር እጀታ ጋር አስራችሁ ብቻችሁን ተለማመዱ ብሎ መከረ። እኔም የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሬ፣ ማታ ማታ አራት ወር ያህል ጎተትሁ። የመስኮት ብረት እግር የለውም፤ ወደ ሰው አይመጣም፤ ስለዚህ እነዚያ አራት ወራት ክንዴን ያስተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መጎተት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የሳቮይ ጨፋሪዎች አየር ላይ እየተወራወሩ የሚጨፍሩበትን ትዕይንት ደጋግሜ በማየቴ፣ ዳንሱ ሰው መወርወር መስሎኝ ነበር። ከሳቮይ ጨፋሪዎች አንዱ የነበረው ፍራንኪ ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1935 አካባቢ የመጀመሪያውን የአየር ላይ እርምጃ ለውድድር እንዳወጣው፣ ሕዝቡ በየምሽቱ የሚጨፍረው ግን እግሩን ከመሬት ሳያነሣ እንደ ነበር ያነበብሁት ዘግይቼ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ የአጎቴ ልጅ አብራኝ መለማመድ ጀመረች። ከሌላ ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መታየት ወሬ ያስነሣ ስለ ነበር ዝምድናችን ረዳን፤ የአጎቴ ሚስትም ያለ ሥጋት ፈቀዱ። እርሷ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አላት። ታኅሣሥ ላይ የአንድ ጓደኛችን ሠርግ ለጥር ተቆረጠና እዚያ እንድንጨፍር ተጋበዝን። የጥፋቴ መጀመሪያ ይህን ግብዣ መቀበሌ ነው፤ ምክንያቱም በአሥር ቀን ውስጥ ከ120 ምት ወደ 170 ዘለልሁ።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ልምምዱ ሁለተኛውን ሰዓት ይዟል። «ትከሻዬን እየጎተትኸኝ ነው» አለችኝ። እኔም «እጅሽን ስላላላሽው ነው፤ ጠበቅ አድርጊ» አልኋት፤ ተከታይ ክንዷን ማጠንከር አለባት የሚል ትምህርት ሰምቼ ነበርና። ሁለተኛ ነገረችኝ፤ ያንኑ መለስሁላት። ሦስተኛ ስትነግረኝ መልስም አልሰጠኋት፤ ሙዚቃውን እንደገና ከፈትሁ። በአምስተኛው ምት ላይ ከመንገዷ በመውጣት ፈንታ ገፋኋት፤ በሰባተኛው ላይ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ አውራ ጣቴ እጇ ላይ ተቆልፎ ስለ ነበር እጇን ልታስለቅቅ አልቻለችም፤ ክርኗም እኔ ባዘዝኋት መሠረት ደርቆ ነበር፤ የጉዞዋ ኃይል በሙሉ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ሙዚቃው አሁንም ይጫወታል፤ ለመዝጋት ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብኝ አላስታውስም።

ከዚያ የሠራሁት ከዚያም የባሰ ነው። የአጎቴ ሚስት እንዳይሰሙ ፈርቼ ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኋት። ወጌሻው «ወለምታ ነው» ብለው በቅቤ አሿት፤ እርሷ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በማግስቱ ትከሻዋ አብጦ ክንዷን ማንሣት አቃታት። በሦስተኛው ቀን ራጅ ስትነሣ አጥንቷ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ጅማቷ ግን ተጎድቷል። ሐኪሙ ማን እንዳሻት ጠየቀና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ክንዷን በአንገቷ አንጠልጥላ ሦስት ሳምንት እንድትቆይ፣ ከዚያም ሁለት ወር የፊዚዮቴራፒ ክትትል እንድታደርግ አዘዘ። የአጎቴ ሚስት አልጮሁብኝም። «ልጄን በደኅና ወስደህ በደኅና መልስልኝ ብዬህ አልነበረም ወይ?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስለ አዳራሹ ሹም ብናደድም በትከሻዋ ጉዳይ ከራሴ ሌላ የምከሰው የለም፤ ሦስቱን ማስጠንቀቂያ የናቅሁትም፣ ሦስቱን ቀን ያባከንሁትም እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ለ55 ቀን ሙዚቃ አልተከፈተም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ማታ ማታ ጣና ዳር እየተቀመጥሁ የሠራሁትን በልቤ እመላለስበት ነበር። አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለተኛ የደንገል ታንኳ በገመድ አስሮ ሲያስከትል አየሁ። ገመዱን በእጁ አልነካውም። የራሱን ታንኳ ቀስ ብሎ ሲቀዝፍ ላልቶ የነበረው ገመድ ከውኃው እየተነሣ፣ እየጠበቀ ሄደ፤ ገመዱ ጠብቆ ካበቃ በኋላ የኋላው ታንኳ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተንቀሳቀሰ። መሪው ማንቀሳቀስ ያለበት የራሱን ወገብና ክብደት ብቻ እንደሆነ፣ ክንድ ገመድ እንጂ ሞተር አለመሆኑን የገባኝ ያኔ ነው።

ይህን በአካሌ ያረጋገጥሁት ግን ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን በተሰጠ ሥልጠና ነው። ከውጭ የመጣችው አስተማሪ ስታየኝ መሪነቱን አስተወችኝና ተከታይ አደረገችኝ። እጄን የያዘችው አውራ ጣቷን ሳትጠቀም፣ በታጠፉ አራት ጣቶቿ ብቻ ነበር። አምስተኛው ምት ላይ ስትደርስ ምንም አላደረገችም፤ ዞር አለችልኝ ብቻ፤ እኔም በራሴ ጉዞ አልፌያት ሄድሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማልጎተት ተሰማኝ። ቀጥሎ ሌላ ሰልጣኝ ሲመራኝ አውራ ጣቱን ቆለፈብኝና ትከሻዬ ተነቀነቀ፤ የአጎቴ ልጅ ሦስት ጊዜ የነገረችኝን ነገር ያኔ በራሴ ሥጋ ሰማሁት።

ብዙ አስተማሪዎች ጀማሪ አንድ ሚና መርጦ በዚያው ይጽና ይላሉ። እኔ ግን መምራት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ስድስት ወር ሳይከተል የማንንም እጅ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ። ብቻችሁን ስትለማመዱ ከበርም ከመስኮትም ጋር ምንም ነገር አስራችሁ አትጎትቱ፤ እግራችሁን ብቻ አሠልጥኑ። ተከታይ አመመኝ ካለች ዘፈኑ ይቆማል፤ ጥፋቱ የእርሷ ነው የሚያሰኝ ትምህርት ብትሰሙም አትቀበሉት። ከተጎዳችም በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ማንም አይሻት። ለሠርግም ሆነ ለመድረክ ቀን አትቁረጡ። ፍራንኪ ማኒንግ የስዊንግ ዘመን አልፎ ለረጅም ዓመታት በፖስታ ቤት ሠራተኛነት ከኖረ በኋላ፣ ከ70 ዓመቱ በላይ ሆኖ ማስተማር ጀምሯል፤ አሥር ቀን መቻኮል ምን ያደርጋል?

የአጎቴ ልጅ በሐምሌ ተመለሰች። የመጣችው እናቷን ራሷ አስፈቅዳ ነው፤ ለእኔም አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራት፤ መሪዋ እርሷ ትሆናለች። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በዚያው አዳራሽ አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን አምስቱ እግራቸውን ሳያዩ አንድ ዘፈን ይጨርሳሉ፤ በዚህ እኮራለሁ። የመሪ ግራ እጅ ስለሆነ የሚወጠረው፣ የእርሷ ቀኝ እጅ ጀርባዬ ላይ ያርፋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። በቀዝቃዛ ቀን ከራሷ በላይ ልታነሣው አትችልምና በክንድ ሥር የማዞሩን እርምጃ ትተነዋል። በአምስተኛው ምት ላይ ዞር ትልልኛለች፤ እኔም አልፌያት እሄዳለሁ።