ደመወዙን ማን ይከፍላል? «ዶን ኪኾቴ»ን በሒሳብ ደብተር ማንበብ

የስፔናዊውን ደራሲ የሰርቫንቴስን ልቦለድ የ«ዶን ኪኾቴ»ን ሁለተኛ ክፍል ሰሞኑን ጨረስኩ፤ የፈረሰኛ ጀብዱ ታሪኮች እያነበበ አእምሮው የተናጋ ሰው እኔም ፈረሰኛ ጀግና ነኝ ብሎ ከጋሻ ጃግሬው ከሳንቾ ጋር የሚዞርበት ታሪክ ነው። አብረን የምናነብ ጓደኞች ንባባችን የት እንደደረሰ እየተጻጻፍን እንቆይ ተባብለን ነበርና የኔን እነሆ። ባለፈው ከመካከላችን አንዷ «ሰርቫንቴስ የሚሳለቀው በፈረሰኛ ጀግኖች ተረት ነው ወይስ በዘመኑ ኅብረተሰብ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ አንድ ዘዴ ያዝኩ፦ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ለማን ስንት እንደከፈለ እያነበብኩ በደብተር መመዝገብ። ኪኾቴ ግዙፍ ሰዎች መስለውት የገጠማቸውን የንፋስ ወፍጮዎች ሁላችሁም ስለምታውቋቸው አልፋቸዋለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጽሐፉ ገና ሲከፈት ምግብ ይቆጥራል። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ኋላ ራሱን ዶን ኪኾቴ የሚለው፣ በስፔን የላ ማንቻ ሰው ከበግ ይልቅ የላም ሥጋ የሚበዛበት ቅቅል ይበላል፤ ያኔ የላም ሥጋ ይረክስ ነበር። ዓርብ ምስር ነው፣ እሑድ አንዲት ርግብ ትጨመራለች። ከገቢው ሦስት አራተኛው በዚሁ ያልቃል። ሰውየው ኢዳልጎ ነው፤ በመኳንንቱ የመጨረሻ እርከን ላይ ያለ፣ ከግብር ነፃ የሆነ፣ በእጁ ሠርቶ ማደር ግን የሚያሳፍረው። እንዲህ ያለው ሰው የእርሻ መሬቱን እየሸጠ የፈረሰኛ ጀብዱ መጻሕፍት ይገዛል። ከነዚህ ዋነኛው በ1508 ሳራጎሳ ላይ የታተመው «አማዲስ ደ ጋውላ» ነው።

እንዲህ ያለውን ኢዳልጎ በደንብ ያስተዋወቀኝ ከ«ዶን ኪኾቴ» በፊት የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ነው። በ1554 የታተመው «ላሳሪዮ ደ ቶርሜስ» ደራሲው አይታወቅም፤ በ1559 ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከጌታ ወደ ጌታ የሚንከራተተው ድሃ ልጅ ቶሌዶ ውስጥ ሰይፍ ለታጠቀ፣ ካባ ለደረበ ሰው ያድራል። ይህ ጌታ በልቶ የማያውቅ ነው፤ ሆኖም በር ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፣ ሰው እንደጠገበ እንዲያስብለት። ልጁ ለምኖ ያመጣውን ዳቦ ጌታው ይበላል። ኋላ አከራዮቹ ሒሳብ ሲጠይቁ ሰውየው ገንዘብ ልዘርዝር ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ሎሌ ከጌታው ሲኮበልል እንጂ ጌታ ከሎሌው ሲኮበልል አልታየም እያለ ልጁ ይገረማል። እኔ ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ሰውየውን አይጠላውም፣ ልጁም ያዝንለታል። ቆሞ የሚከሰሰው ክብርን ከሥራ የለየው ሥርዓት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዶን ኪኾቴ ስመለስ መጀመሪያ ያደረበት የማረፊያ ቤት ባለቤት ጥያቄ ከበደኝ። «ገንዘብ ይዘሃል?» ይለዋል። ኪኾቴ ቤሳ የለውም፤ ባነበባቸው ታሪኮች ሁሉ ፈረሰኛ ገንዘብ ሲይዝ አላየም። በሌላ ማረፊያ ደግሞ ፈረሰኛ ሒሳብ አይከፍልም ብሎ ይወጣል። የተያዘው ወደኋላ የቀረው ጋሻ ጃግሬው ሳንቾ ነው፤ ብርድ ልብስ ላይ አድርገው ወደ ሰማይ እያጎኑ ተጫወቱበት። ደብተሬ ላይ ከዚህ ጎን «ጌታው ያልከፈለውን ድሃው በገላው ከፈለ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ይህችው ነገር በየምዕራፉ ትመጣ ጀመር።

በተለይ የአንድሬስ ታሪክ። በመጀመሪያው ክፍል አራተኛ ምዕራፍ ኪኾቴ አንድሬስ የሚባል እረኛ ልጅ ዛፍ ላይ ታስሮ ሲገረፍ ያገኛል። ገራፊው ጌታው፣ ሁዋን አልዱዶ የሚባል ባለጸጋ ገበሬ ነው። ልጁ በወር 7 ሬያል (የዘመኑ የብር ሳንቲም) ሒሳብ የ9 ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። ጌታው ስለሰጠው ሦስት ጥንድ ጫማና በታመመ ጊዜ ለሕክምና ስላስወጣለት ደም ይቀነስልኝ ይላል። ኪኾቴ የሚመልሰው መልስ ፍትሐዊ ነው፦ ጫማውና የደሙ ሒሳብ ያለ ጥፋቱ ለተገረፈው ግርፋት ካሳ ይሁን። ከዚያ ባለጸጋውን በፈረሰኛ ሕግ አስምሎ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ዞር ከማለቱ ልጁ ከበፊቱ በባሰ ይገረፋል።

በ31ኛው ምዕራፍ ልጁ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ቢቆራርጡኝ እንኳ ሁለተኛ አታድነኝ ይለዋል። በዚያች ሰዓት ለልጁ የሚጠቅም ነገር የሰጠው ሳንቾ ነው፦ ቁራሽ ዳቦና ቁራሽ አይብ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ክፍል በወጣበት በ1605ቱ እትም ኪኾቴ 9ን በ7 አባዝቶ 73 ያገኛል። የአታሚው ስሕተት ነው የሚሉ አሉ፣ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጀግናው ክብርን እንጂ ሒሳብን አልተማረም።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴ አስልቼ ደነገጥኩ። በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ዋጋ በሹም ይተመንና ከመጽሐፉ ጋር ይታተም ነበር። የመጀመሪያው «ዶን ኪኾቴ» ሳይጠረዝ 290 ተኩል ማራቬዲ ተተምኗል። አንድ ሬያል 34 ማራቬዲ ነው፤ ስለዚህ የአንድሬስ የወር ደመወዝ 238 ማራቬዲ ይሆናል። ልጁ የራሱን ግርፋት የሚተርከውን መጽሐፍ በወር ደመወዙ መግዛት አይችልም ነበር፤ ያውም ቢከፈለው።

ሰርቫንቴስ ይህን ከሩቅ ሆኖ አልጻፈውም። በ1575 በባሕር ላይ ተማርኮ አልጀርስ አምስት ዓመት ታስሯል፤ የተለቀቀው በ500 የወርቅ ኤስኩዶ ቤዛ ነው። ኋላ በአንዳሉሲያ ለንጉሡ የጦር መርከቦች ስንዴና ዘይት ሰበሰበ፣ ግብርም አስገባ፤ በዚሁ ሒሳብ ጣጣ በ1597 ሴቪያ ላይ ወህኒ ወረደ። ገንዘብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሁለተኛው ክፍል (1615) ላይ ነገሩ ይከርራል። ሳንቾ ቁርጥ ያለ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ቀድሞ በሰው ቤት ሲሠራ ከምግቡ ሌላ በወር ሁለት ዱካት (ከሬያል የሚበልጥ ገንዘብ) ያገኝ ነበር። ኪኾቴ አሻፈረኝ ይላል፤ ጋሻ ጃግሬ በችሮታ ያድራል እንጂ ደመወዝተኛ ሲሆን አላነበበም። እዚህ ላይ ነው የእህታችን ጥያቄ የተመለሰልኝ። ስላቁ ሁለቱንም በአንድ ምት ይመታል። የፈረሰኛው ዓለም ደግ ነው፣ ግን የሠራተኛ ድርሻ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። የዘመኑ ኅብረተሰብ ደግሞ የሚያሽከረክረው ብድርና ደመወዝ ሆኖ ሳለ አሁንም የሚያወራው ስለ ክብር ነው።

በ48ኛው ምዕራፍ ያለችው፣ ኪኾቴንና ሳንቾን በእንግድነት በተቀበለው መስፍን ቤት የምታገለግለው ዶኛ ሮድሪጌስ ይህን በግልጽ ትናገራለች። ልጇን አንድ የባለጸጋ ገበሬ ልጅ አገባሻለሁ ብሎ አታሏታል። እናትየው መስፍኑ ዘንድ ደጋግማ አቤት ብትልም ጆሮ የሚሰጣት የለም፤ ምክንያቱም የልጁ አባት ለመስፍኑ ገንዘብ ያበድራል፣ ለዕዳውም ዋስ ይሆናል። ያ መስፍን በኪኾቴ እብደት እየሳቀ ቀልድ ሲደግስ የከረመ ነው። የእርሷን ጉዳይ ከልቡ የሚይዘው ግን «እብዱ» ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ያናደደኝ ገጽ የለም።

መጨረሻው አካባቢ ኪኾቴ በሐሳቡ የሚያፈቅራት እመቤት ዱልሲኔያ ከአስማት እንድትፈታ ሳንቾ ራሱን 3,300 ጊዜ መግረፍ አለበት ተብሏል። ኪኾቴ በዚያን ጊዜ ልክፈልህ ይላል! በአንድ ግርፋት አንድ ኩዋርቲዮ (የሬያል ሩብ)፣ በድምሩ 825 ሬያል፤ ገንዘቡም ሳንቾ እጅ ካለው ከጌታው ቦርሳ ይነሣል። ሳንቾ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ከቀመሰ በኋላ ዛፎቹን ይገርፋል። ብዙዎች ይህን እንደ ማታለል ያዩታል፤ እኔ ስለ አንድሬስ ሳስብ ደስ አለኝ፣ የድሃው ጀርባ ተርፏልና።

ኪኾቴ ወደ አእምሮው ተመልሶ ኑዛዜ ሲናገር የሚያነሣው ስለ ደመወዝ ነው። በሳንቾ እጅ ስላለው ገንዘብ ማንም ሒሳብ እንዳይጠይቀው፣ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈውም የራሱ እንዲሆን ያዝዛል። ንብረቱን ለእህቱ ልጅ ያወርሳል፤ ከሁሉ በፊት ግን የቤት ሠራተኛዋ ያገለገለችበት ደመወዝ እንዲከፈላት፣ ለልብስም 20 ዱካት እንዲጨመርላት ይላል።

ሁለቱን ክፍሎች በሙሉ ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ከመጀመሪያው ክፍል 4ኛውንና 31ኛውን ምዕራፍ አያይዛችሁ አንብቡ፤ ከሁለተኛው ደግሞ 48ኛውን፣ 71ኛውንና 74ኛውን። ከ«ላሳሪዮ» የሦስተኛው ጌታ፣ ማለትም የባለ ካባው፣ ታሪክ ይበቃል። እኔ ቀጥሎ ማቴዎ አሌማን በ1599 ያሳተመውን «ጉስማን ደ አልፋራቼ» በዚሁ ደብተር እጀምራለሁ፤ አብሮኝ የሚያነብ ካለ ይንገረኝ።