የጋሼ ኩባያ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! የጦመ አንጀታችሁን እግዜር ያርጥበው።

ሌሊት ከሽምብጥ ሚካኤል ተመልሰን ማዕዱ ሲቀርብ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአሉሚኒየሙን ኩባያ ውኃ ሞልቼ በጋሼ ቦታ አኖርኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን የሚያደርጉት እትዬ ነበሩ። እትዬን በኅዳር ቀበርናቸው።

ጋሼ የአክስቴ የእትዬ ባል ናቸው። ዘጌ ተወልደው፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በመኮንንነት ወጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትወጣ በዚያው ግንባር ነበሩ፤ ሜዳይ የተሸለሙት በዚያ ውጊያ ነው። እኔ የማስታውሳቸው ግን ለፈቃድ በመጡ ቁጥር ነው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ጣና ዳር ውኃው ውስጥ ይቆማሉ። ስለ ጦርነት ሲያወሩ አልሰማሁም። ስለ ደንገል ታንኳ ግን ቢያወሩ አይጠግቡም ነበር፤ የትኛው ቶሎ ውኃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ክረምቱን እንደሚሻገር።

የምጽዋ ውጊያ የካቲት 1 ቀን 1982 ተከፈተ። ወደቡ ሲያዝ የተረፈው ጦር ጥዋለት ደሴት ላይ ተከበበ፤ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ያን ጊዜ ሻለቃ የነበሩት ጋሼም እዚያው ነበሩ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 7 ቀን ዋለ፤ ደብዳቤ የለም፣ መርዶም የለም። በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፤ የሚጠየቅም ጠፋ። እትዬ ነጭ እንደ ለበሱ ጠበቁ።

በ1984 ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ አንድ ከሲታ ሰው በራችን ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የጋሼ ወታደር፣ ከምርኮ የተመለሱ። የሚያውቁት «ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ» የሚለውን ብቻ ስለነበር ቤቱን በጥያቄ ብዛት ነው ያገኙት። እትዬ ፊታቸውን አይተው ምንም አልጠየቁም። ቄጤማ አሰሩላቸው፤ ሌሊት አብረውን አስቀደሱ፤ ሲነጋ በጋሼ ቦታ አስቀምጠው ዳቦውን አስቆረሷቸው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የጾም ድካም መስሎኝ ነበር።

የነገሩን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘው። ጥዋለት ላይ ውኃ አልቆ ነበር። ዙሪያው ባሕር፣ ለከንፈር የሚሆን ጠብታ ግን የለም። የቆሰሉት ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ የጣናን ነገር ሲያወሩላቸው አደሩ፤ ሲነጋ ዝም አሉ። ሃምሳ አለቃ ኩባያቸውን ከየትኛው ጉያ ደብቀው፣ በስንቱ ፍተሻ አሳልፈው እንዳመጡት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እትዬ ስለዚያ ቅዳሜ ተቆጥተው አያውቁም። «ባሌን ሦስት ቀን አቆየልኝ» ይሉ ነበር።

በኅዳር ሙዳያቸውን ስንከፍት ሜዳዩን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘነው፤ ጥብጣቡ ቀለሙ ጠፍቶ ነጥቷል። ዛሬ ከኩባያው አጠገብ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሥራ ውላ ማታ ማታ እትዬን ስታገላብጥ ያደረችው የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። ሐዘናችንን ሐዘናችሁ ያደረጋችሁ የእድራችን ሰዎች፣ በተለይ ሦስቱን ቀን ጀበናውን ያላወረዳችሁ እናቶች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ከየትኛውም ጦርነት የተመለሳችሁ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። አጠገባችሁ የወደቀ ጓደኛ ካለ፣ ቤቱ ደግሞ ዛሬም ለእርሱ ወጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ በዓሉን አሳልፋችሁ ሂዱ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ግን ሂዱ፤ ንገሯቸው።

ሃምሳ አለቃ፣ ጉልበትዎ እንደ ደከመ ሰምቻለሁ። ለዳግም ትንሣኤ አዴት ድረስ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ዳቦውን የሚቆርሱት እርስዎ ነዎት።