ከጎጃም ወደ አስትሮፊዚክስ ፒኤችዲ፦ ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቆ ውጭ አገር አስትሮፊዚክስ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውጤቴ ይበቃል ወይ?» ብሎ ነው። ውጤት በር ድረስ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። የሚያስገባው ዳታ ይዞ መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ያለቀ ሥራና ያንን ሥራ አይቶ የሚመሰክርለት መምህር ነው። ሁለቱም እዚሁ ሆኖ ይሰናዳል።

የአገር ምርጫው ብዙ አያከራክርም። አሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ወደ ፒኤችዲ ያስገባል፤ ከ5 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው በኮርስ ያልፋሉ፣ ክፍያውና መተዳደሪያው በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። ጀርመንና ኔዘርላንድስ ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፣ ብዙውን ጊዜም እንደ ሠራተኛ ውል ትፈርማላችሁ። ማስተርስ ለሌለው ሰው፣ ማስተርሱን ለመሥራት ደቡብ አፍሪካን አለማየት ትልቅ ኪሳራ ይመስለኛል፤ 64 ዲሽ ያለው ሚርካት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እዚያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ጋያ የተባለች መንኮራኩር የለካቻቸውን ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ የሰማይ አካላት መረጃ በነፃ ለቋል፤ ሦስተኛው ዙር በፈረንጆቹ ሰኔ 2022 ወጥቷል። ለመጀመሪያ ሥራ ፕሌያዲስ የተባለውን የከዋክብት ክምችት ውሰዱ። መረጃው በተቀመጠበት የጋያ ማኅደር ድረ ገጽ፣ የመጠይቅ ሳጥን ውስጥ ማዕከሉን ራይት አሴንሽን 56.75፣ ዴክሊኔሽን 24.12 ዲግሪ (በሰማይ ላይ እንደ ኬንትሮስና ኬክሮስ ናቸው)፣ ራዲየሱን 2 ዲግሪ አድርጉ። ፓራላክስ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ የሚያሳየው ጥቃቅን የቦታ ለውጥ፣ ከ6.9 እስከ 7.9 ሚሊአርክሰከንድ (እጅግ ትንሽ የማዕዘን መለኪያ)፤ በዓመት የሚታየው የሰማይ ላይ እንቅስቃሴ በራይት አሴንሽን 20፣ በዴክሊኔሽን ደግሞ ኔጋቲቭ 45 ሚሊአርክሰከንድ አካባቢ ይሁን፤ ከሁለቱም ግራና ቀኝ 5 ያህል ስጡት። ማጣሪያውን እዚያው መጠይቁ ውስጥ ካስገባችሁ የሚወርደው ፋይል ትንሽ ስለሚሆን ደካማ ኢንተርኔትም አይከለክላችሁም። ሁሉን አውርዶ ላፕቶፕ ላይ ለማጣራት የሚሞክር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። 1000ን በፓራላክሱ ስታካፍሉ ርቀቱ በፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) ይወጣል፤ 7.4 ከሆነ 135 ገደማ ነው። ፍጹም ድምቀቱን (ኮከቡ 10 ፓርሴክ ርቀት ላይ ቢሆን የሚኖረውን) ለማግኘት ከሚታየው ድምቀት ላይ የፓራላክሱን ሎጋሪዝም በ5 አባዝታችሁ ደምሩ፣ ከዚያ 10 ቀንሱ። ቀለሙን በአግድም፣ ድምቀቱን በቁመት ሣሉ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያደናቅፋል። የቁመቱ መስመር መገልበጥ አለበት፤ በከዋክብት ሚዛን ትንሽ ቁጥር ማለት ደማቅ ማለት ነውና። መጠይቁን ሳታጣሩ ከወሰዳችሁት ኔጋቲቭ ፓራላክስ አብሮ ይመጣል፣ ሎጋሪዝሙም ይበላሻል። ሩዊ የሚባለው የጥራት መለኪያ ከ1.4 በላይ የሆነባቸውን ከዋክብት ደግሞ በጥርጣሬ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አንድ መስለው የተለኩ ጥንዶች ናቸው።

ሥዕሉ ሲወጣ አብዛኞቹ ከዋክብት ከተደረደሩበት ዋና መስመር በላይ፣ 0.75 ያህል ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛ ቀጭን መስመር ይታያል። ስህተት መስሏቸው የሚሰርዙት አሉ። ነገሩ ሁለት እኩል ከዋክብት አብረው ሲታዩ ብርሃናቸው እጥፍ ስለሚሆን ነው፤ የ2 ሎጋሪዝም በ2.5 ሲባዛ 0.75 ይሆናል። ይህን በዓላማ መግለጫው ውስጥ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዳ አመልካች «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ እወድ ነበር» ብሎ ከሚጀምሩት ተለይቶ ይታያል። ፕሌያዲስ ልምምድ ነው፤ ማመልከቻው ላይ የሚሄደው ብዙ ያልተጠና ክምችት ወስዶ ዕድሜውን መገመት ነው። ባሕር ዳር ያለው የዋሸራ ቤተ ሙከራ የሚሠራው አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ቢሆንም፣ እዚያ የተገኘ የዳታ ልምድ ያው ልምድ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ያስፈልጋል። የእኛ አገር ደብዳቤ ችግሩ «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ነው» ብሎ ማለቁ ነው፤ አንባቢው ስለ ሥራው አንዳች አያገኝም። ለመምህሩ አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ስጡት፦ ምን እንደሠራችሁ፣ የትኛው ላይ እንደተቸገራችሁ፣ እንዴት እንደፈታችሁት፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ። ጂሜይል ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል እንዲጠቀም ለምኑት፤ የማስገቢያው ሊንክ ስፓም ውስጥ እየገባ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ነው።

ሰነድ ላይ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ለማመልከት በአብዛኛው ይበቃል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን የሚፈልጉት ሲቀበሏችሁ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳው ግን ቀድሞ ይለቅ፣ ሬጅስትራር ያለሱ አይንቀሳቀስም። የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ፤ «ጌታቸው» በአንዱ ሰነድ በደብልዩ፣ በሌላው በዩ ካለቀ ቪዛ ላይ ያስጠይቃል።

የአሜሪካዎቹ ማብቂያ ከኅዳር 22 ገደማ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። «ታኅሣሥ 6 ሌሊት 11:59 በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት» (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀር) ማለት በእኛ በማግሥቱ ጠዋት 1:59 ነው፤ ይህን ተማምኖ የሚቆይ ግን መብራት ወይም ኔትወርክ ያስቀረዋል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። በሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ። ለማመልከቻው ክፍያ ዶላር ማግኘት ካስቸገራችሁ ማብቂያው ከመድረሱ ከሦስት ሳምንት በፊት ለትምህርት ክፍሉ ጻፉና እንዲነሣላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ድጎማ ላቀረቡላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው እስከ ሚያዝያ 7 ነው፤ ከዚያ በፊት ፈርሙ ብሎ የሚያጣድፋችሁ ካለ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቪዛ ላይ አስትሮፊዚክስ የሚለው ቃል ራሱ ለተጨማሪ ማጣሪያ ሊዳርግ ይችላል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ሲቪ፣ የጥናት ዕቅዱን በአንድ ገጽና የተቆጣጣሪውን ደብዳቤ ይዛችሁ ግቡ። ማጣሪያው ከረዘመ ለትምህርት ክፍሉ ወዲያው አሳውቁና መጀመሪያውን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ማሸጋገር ይቻል እንደሆነ፣ ድጎማውም አብሮ ይሸጋገር እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ።