ጋሼን «ሳተርናይን» ያለው ግምገማ

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የማታ ፈረቃ ነርስ ነኝ። አብረውን የሚሠሩ አንድ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) አሉ። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ሐበሻውም ፈረንጁም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ልጅ ሳሉ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዛሬም ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው ቆጥረው የፋሲካን ቀን ይነግሩናል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚተኙበትን ክፍል የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ሲቀርባቸው የሚጮኹ፣ ልብስ አንቀይርም የሚሉ ነዋሪዎች ጋሼ እጃቸውን ሲይዟቸው ይረጋጋሉ።

የዓመቱ ግምገማ በተሰጠ ማግስት ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። የሰይጣን ጠባይ አለው ብላ ጽፋብኛለች።»

«ማን ናት ጋሼ?»

«አለቃችን ናታ! ሥራውን ልለቅ ነው። በስተርጅና እንዲህ ተብዬማ አልሠራም።»

ተቀብዬ አነበብኩት። ሰዓት አክባሪ ናቸው ይላል፤ ለነዋሪዎች ርኅሩኅ ናቸው ይላል። ከዚያ «ጠባያቸው ግን ሳተርናይን ነው» ይልና ከባልደረቦች ጋር መግባባት በሚለው ቦታ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣቸዋል። የደመወዝ ጭማሪው ደግሞ የሚታየው በነጥቡ ነው። ጋሼ ቃሉን ከሰይጣን ጋር አያይዘውት ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ለጆሮ ይቀራረባል፣ ፈረንጆቹ ራሳቸውም በዕለት ንግግራቸው እምብዛም አያነሡትም። እኔ የማውቀው ከነርስነት ትምህርት ነው። በእርሳስ መመረዝ ምክንያት የሚመጣውን ሪህ የሕክምና መጻሕፍት «ሳተርናይን ጋውት» ይሉታል። የድሮ አልኬሚስቶች ማዕድናትን ለፕላኔቶች ሲያከፋፍሉ እርሳስ የደረሰው ለሳተርን ነበርና።

«ሰይጣን አላለችዎትም፤ ከሳተርን ኮከብ የመጣ ቃል ነው» ብዬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳተርን ሮማውያን ያመልኩት የነበረ የእርሻ አምላክ ነው፤ ፕላኔቷም በስሙ ተጠራች። ጥንት በዓይን ይታዩ ከነበሩት ፕላኔቶች ሁሉ የራቀችውና የዘገየችው እሷ ናት፤ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ቀዝቃዛና ደረቅ አሏት፤ ሐኪሞቹም የትካዜ ምንጭ ነው የሚሉትን ጥቁር ሐሞት ከእሷ ጋር አዛመዱት። በእሷ ሥር የተወለደ ሰው ዝምተኛ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ትካዜ የሚያጠቃው ይሆናል ተባለ። ጆቭ ተብሎም በሚጠራው በጁፒተር ሥር የተወለደ ደግሞ ፍልቅልቅና ተጫዋች ነው፤ «ጆቪያል» የመጣው ከዚያ ነው። በመርኩሪ ሥር የተወለደው «መርኩሪያል» ነው፣ አእምሮው ፈጣን ሆኖ አንድ ቦታ የማይረጋ፤ ያቺ ፕላኔት ዙሯን በ88 ቀን ትጨርሳለች፣ ባዜቃም በእንግሊዝኛ በስሟ ይጠራል። ከጦር አምላኩ ከማርስ «ማርሻል» ወጣ።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ዙሐል ናት በይኛ!» አሉ።

እውነትም ናት። ዙሐል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መጻሕፍት የገባ የዚያችው የሳተርን ስም ነው። ቀጥለው የተናገሩት ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

«ታዲያ ይሄ እኮ ኮከብ ቆጠራ ነው! እኛ አገር ዐውደ ነገሥት የሚገልጠው ሰው እንኳ ስም ይጠይቃል፣ የእናት ስም ይጠይቃል፣ ፊደሉን ቆጥሮ በ12 ይገድፋል፤ ኮከብህ አሰድ ነው፣ ሐመል ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ስሕተት ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም አትወደውም። ግን ይጠይቃል። ይህች ሴት ምን ጠየቀችኝ?»

ምንም አልጠየቀቻቸውም። እኔም ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክፋት የገባኝ። እነዚህ ቃላት የተወለዱት የሰው ጠባይ በልደቱ ቀን ከሰማይ ተቆርጦ ይሰጠዋል ከሚል እምነት ነው። እምነቱ ዛሬ ቢቀርም ቃሉ ግምገማ ላይ ሲቀመጥ ያንኑ ፍርድ ይፈርዳል። «ዘግይተሃል» የተባለ ሰው ነገ ቀድሞ ይመጣል፤ «ሳተርናይን ነህ» የተባለ ሰው ምን ያድርግ? እኛም ብንሆን «ኮከባችን አልገጠመም» እንላለን። ሁለት ሠራተኞች ሲጋጩ የፈረቃውን አመዳደብ፣ የሥራውን ክፍፍል ማየት ሲገባን ነገሩን ለኮከብ ሰጥተን እንገላገላለን።

የሚያንገበግበኝ በሕመምተኛ መዝገብ ላይ እንዲህ እንዳንጽፍ በደንብ መማራችን ነው። ያየኸውንና የሰማኸውን ጻፍ እንጂ የገመትኸውን አትጻፍ ነው ትምህርቱ። አንዲት እናት ሌሊት ቢረበሹ «አመላቸው ተለዋወጠ» አይባልም። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሡ፣ የውኃ ኩባያ ወረወሩ፣ እየተመላለሱ ሽንት ቤት ሄዱ፣ የሞቱትን ባለቤታቸውን ጠሩ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህን ያነበበ ሐኪም የሽንት ምርመራ ያዛል፤ በአረጋውያን ላይ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መደናገር ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊነሣ ይችላልና። «መርኩሪያል ናቸው» የሚል ያነበበ ሐኪም ምን ያዛል? ሕጉ እንኳ ከዚህ ወጥቷል። የጨረቃ መለዋወጥ ሰውን ያሳብዳል ከሚል እምነት የመጣውን «ሉናቲክ» የሚለውን ቃል የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፌዴራል ሕግ ውስጥ አስወጥቶታል። ለሕመምተኛ የነፈግነውን ቃል ለሠራተኛ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

እኛ ጋ በግምገማው ያልተስማማ ሠራተኛ መልሱን ጽፎ ማያያዝ ይችላል። ጋሼ በአማርኛ ነገሩኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ዋናው ጥያቄ ነበር፦ ምን ሳደርግ አይተሽ ነው እንዲህ ያልሽኝ?

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለችም። መጻሕፍት የምትወድ ናት፤ ቃሉን የጻፈችው ያማረ መስሏት እንጂ ሰው ይጎዳል ብላ አልነበረም። ሦስታችን ስንቀመጥ ጥቂት አሰበችና «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለቀን ፈረቃው ሪፖርት ሲሰጡ አቀርቅረው ያንሾካሹካሉ፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ዝም ይላሉ። ከእኛ ጋር መነጋገር የማይፈልጉ መሰለኝ» አለች።

ጋሼ በራሳቸው እንግሊዝኛ መለሱላት። ሪፖርቱ የሚሰጠው ኮሪደር ላይ ነው፣ ከነዋሪዎቹ በር አጠገብ። በዚያ ሰዓት ገና ተኝተዋል፤ በሰው ድምፅ ደንግጠው የሚነቁት ቀኑን ሙሉ ሰላም አያገኙም። ደግሞስ የአንዱ ሕመም ሌላው እየሰማ ይወራል እንዴ? አለቃችን እዚህ ላይ ቀና አለች። የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቀው ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ እኮ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በየዓመቱ ሥልጠና የምትሰጠን ራሷ ናት።

ቃሉን ሰርዛ በምትኩ ጋሼ ሪፖርት ሲሰጡ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ለነዋሪዎቹ እንቅልፍና ምስጢር ብለው መሆኑን ጻፈች። ነጥቡም ተስተካከለ። ሪፖርቱ በር ወዳለው የመድኃኒት ክፍል ተዛወረ፤ ጋሼም እዚያ ገብተው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉት ሲተርኩ የቀን ፈረቃዎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ።

እኔ ግን በዚያው ላይ አልተውኳትም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን በግምገማዋ «ጆቪያል» ተብላ ከፍ ያለ ነጥብ አግኝታ ነበር። የምወዳት ልጅ ናት፣ ነጥቡም ይገባታል፤ ቢሆንም ምን ሠርታ እንዳገኘችው ወረቀቱ አይናገርም። አለቃችንን ስጠይቃት ታስታውሳለች፦ ልጅቷ እራት አንበላም ለሚሉት ነዋሪዎች በወጣትነታቸው የሚያውቁትን ዘፈን እየዘፈነች ጉርሻ በጉርሻ ታበላቸዋለች። አሁን እሱም በግልጽ ተጽፎላታል፤ ምሳ የሚያበሉት የቀን ሠራተኞችም መጥተው የትኛውን ዘፈን ለማን እንደምትዘፍን እየጠየቋት ነው።