«የሚሠራ ነው» ተብሎ የመጣ ላፕቶፕ

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። እጄ የሚገባው አብዛኛው ዕቃ ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ነው፤ የድሮ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር ያልተላጠለት ሁሉ አለ።

የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን ጥናት ያነበብኩትም ለዚህ ነው። አሜሪካ በ2011 ወደ ውጭ የላከችው ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ 1.45 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል፤ አብዛኛውም ተፈትሾ የሚሠራ ነው ይላል። መላኩን እደግፋለሁ፤ እዚህ ስንቱ ተማሪ በእሱ ተመርቋል! ግን ጥናቱ የተመሠረተበትን መጠይቅ የሞሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው፤ እኛን ጠጋኞቹን የጠየቀን የለም።

ሰሞኑን አንዲት መምህርት ያመጣችውን ስከፍት ባትሪው እንደ ዳቦ አብጦ ታችፓዱን ከሥር ገፍቶታል።

«ወንድምዬ፣ የፈተና ጥያቄዎቼ እዚያ ውስጥ ናቸው!»

«አብሽሪ እህቴ።»

ፋይሉ ተርፏል። ባትሪውን ግን የሚረከበኝ ስላላገኘሁ አሸዋ በሞላሁት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን መንገድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ ድንበር መሻገር የለበትም። «የሚሠራ» የተባለ ዕቃ ግን እንደ ቆሻሻ ስለማይቆጠር ይህ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ላኪው ባትሪውን የፈተሸበትን ውጤት ከየዕቃው ጋር እንዲልክ ይገደድ፤ ገዢውም ሳይከፍል በፊት ይየው።