የገና መልእክት ከአባዬ ኮት ኪስ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! ቤታችሁ ይሙቅ፤ ሳቅ አይጥፋበት።

ዘንድሮ አጭር መልእክት ልጽፍላችሁ ነበር። ግን ትናንት ወንድሜ ለቤተ ክርስቲያን የሚደርበው ሲያጣ የአባዬን ወፍራም ኮት ከቁም ሳጥን አወጣሁለት። ኪሱን ስፈትሽ አንዲት 10 ሳንቲም ወጣች። እሷን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአምናው ጉዞ የተረፈች ናት።

አምና ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰባታችንም ወደ ባሌ ሄድን። ሐሳቡ የአባዬ ነበር። በወጣትነቱ ጎባ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራውን በክፍሉ መስኮት እያየ አስተምሯል፤ አናቱ ላይ ወዳለው ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ፣ ግን አንድ ቀን አልወጣም። መኪና አልነበረውም። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ከዚያ እኛ መጣን። "ያስተማርኩትን አገር ሳላየው ልሙት እንዴ?" ይለን ነበር። አምና አንድ ወዳጄ ላንድክሩዘሩን ከነቁልፉ አምጥቶ ሰጠኝ። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ወንድም ዓለም፣ ያደረግክልን ነገር ምን እንደሆነ ያኔ አንተም እኔም አናውቅም ነበር።

ከሞጆ በኋላ መኪናው ክፍል ሆነ። አባዬ ከፊት ተቀምጦ ይጠይቃል፤ የእህቴ ልጆች ከኋላ ይጮኻሉ።

"ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጥልቁ የትኛው ነው?"

"ሻላ!"

"ስንት ሜትር?"

"266!"

ዝዋይ ላይ የዓሣ ጥብሱ ሽታ ሲመጣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሣ። እማዬ አሸነፈች፤ ቆሏችንን ቆረጠምን። ላንጋኖ ዳር ስንወርድ ልጆቹ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ መሰላቸው። አባዬ ቀለሙን የሰጠው ደቃቅ ደለል እንደሆነ ነገራቸውና ጫማውን አውልቆ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሲወጣ ጫማው አልገባ አለው።

"ይሄ ጫማ ጠበበኝ" አለ።

"ስትቀመጥ ስለዋልክ ነው" አለችው እህቴ። ክሩን አላልታ አሰረችለት። መንገድ ቀጠልን።

ከመንገዱ ማዶ አብጃታን ስናይ ዝም አለ። በልቡ የያዘው ሐይቅ ሌላ ነበር። የሚመግበው የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱም ለመስታወትና ለሳሙና ለሚሆነው ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነጭ ሜዳ ትቷል። አንድ የጂኦግራፊ መምህር በካርታ ላይ ያስተማረው ሐይቅ ሲያንስ ማየት ምን ያህል እንደሚያምም ፊቱ ላይ አየሁት። እኔንም አመመኝ።

ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ጋቢው ወጣ። ዲንሾ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ገና ከመኪና ሳንወርድ ልጆቹ "አባባ! አባባ!" እያሉ ጮኹ። ከጽዱ ሥር አምስት የደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩናል። አባዬ ኪሱን በረበረና 10 ሳንቲም አወጣ። ለዚህች ቀን ከቤት ይዟት ነው የመጣው። ሳንቲሟን ከፍ አድርጎ አንዴ በእሷ ላይ የተቀረጸውን አንዴ የቆመውን ተባዕት እያሳየ "ይኸው፣ እሱ ነው! ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አታገኙትም" አላቸው። ልጆቹ 10 ሳንቲም የሚባል ገንዘብ አይተው አያውቁም ነበር። ከእንስሳው ይልቅ በሳንቲሟ ተገረሙ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጭኮ ይዛ መጣች። ቅቤ እንዳለው እማዬ ስትነግራት "ጾም ላይ ናችሁ ለካ!" ብላ ደንግጣ ወሰደችው፤ ብዙም ሳትቆይ ትኩስ የገብስ ቆሎና ሻይ አቀረበችልን። እሷ ሙስሊም ናት። ጾማችንን ከኛ እኩል ጠበቀችልን። ማታ አባዬ ተጨማሪ ትራስ ጠየቃት፤ ሁለት አመጣችለት። ጠዋት ደግሞ ለብቻዬ ጠራችኝ።

"ልጄ፣ አባታችሁ ሌሊቱን ተቀምጠው ነው ያደሩት። መብራት በርቶ ስላየሁ ነው።"

"ብርዱ ነው እናቴ፣ አልለመደውም" አልኳት። ትንሽ አየችኝና ዝም አለች።

ሳነቴን እንዴት ልንገራችሁ? ከጎባ ሽቅብ ሲወጣ መጀመሪያ ደኑ ያልቃል፣ ከዚያ አስታው ያልቃል፣ ከዚያ ሰማይና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ጅብራው ቀጥ ብሎ ሰው መስሎ ቆሟል። ኩሬዎቹ ዳር ዳራቸውን በስስ በረዶ ተሸፍነዋል። አባዬ ይህ ሁሉ አንድ ዘመን በግግር በረዶ ሥር እንደነበረ ነገረን። እዚሁ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር ሲነግራቸው ልጆቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ወሬ አላወሩም። ጥናቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ያነበበውን ጋዜጣ ቆርጦ አስቀምጦት ነበር።

ከዚያ ቀይ ቀበሮ አየን። ብቻዋን ናት። ጆሮዋን ወደ መሬት ቀስራ የፍልፈል ጉድጓድ ታዳምጣለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። አባዬ በደንብ ሊያያት ከመኪና ወረደ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አየር ሳበ። ወንድሜ ሮጦ ደረሰለት። አባዬ እየተቆራረጠ ራሱ አስረዳን፤ 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ማንም ሰው ይደክመዋል። ሁላችንም አመንነው። መምህራችን ነዋ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ በመኪና አወጣነው። እዚያ የተነሣው ፎቶ ላይ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከሠርጉ ፎቶ በቀር እንደዚያ ሲስቅ የሚታይበት ሌላ ፎቶ የለንም።

ለገና ዋዜማ ቤታችን ገባን። አዲስ አበባ ወርደንም ድካሙ አልወረደም። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ብርድ ነው ተብሎ ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። የካቲት ላይ እግሩ እስከ ጉልበቱ አበጠ። ሌላ ቦታ ሄድን፤ አንዲት ወጣት ሐኪም ገና ሳትነካው ሦስት ነገር ጠየቀችው።

"አባቴ፣ ሲተኙ ስንት ትራስ ያደርጋሉ? ጫማ ይጠብብዎታል? ትንሽ ሲራመዱ አየር ያጥርዎታል?"

ወዳጆቼ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ መንገዱ በሙሉ ተመልሶ መጣብኝ። ላንጋኖ፣ ጫማው። ዲንሾ፣ ትራሱ። ሳነቴ፣ ሃያ እርምጃው። ልቡ ደክማ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ነግራን ነበር፤ እኛ ግን ለእያንዳንዱ መልስ ነበረን። መቀመጥ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ከፍታው ነው። እንደዚያ ያለ ልብ የያዘ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ መውጣት አልነበረበትም። ይህን ሳስብ እስከ አሁን ሌሊት እነቃለሁ።

መድኃኒቱ ጥቂት ወራት ሰጠን፤ ጥሩ ወራት ነበሩ። ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ፣ ሸኘነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስጋናዬ ለእነዚህ ሰዎች ነው። ለዚያች ሐኪም፤ አባዬን በሽተኛ ቁጥር ሳታደርገው "መምህር" እያለች ስላከመችው። ለዕድራችን ሰዎች፤ ድንኳኑን በዚያ ዝናብ ሁለት ጊዜ ለተከላችሁልን። ለቀብር ከጎባ ድረስ ለመጣኸው የድሮ ተማሪው፤ አባዬ ካርታ ሳያይ የባሌን ወንዞች በጠመኔ ይስል እንደነበረ ለልጆቹ ነግረሃቸዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋቤን በየደብተራቸው ይስላሉ። ለወንድሜ፤ በዚያ ጠጠር መንገድ አንዴም ሳያማርር ለነዳው፣ በኋላም በየሌሊቱ አባዬን ደግፎ ላስቀመጠው።

ለዲንሾዋ እናታችን ደግሞ፤ ሞቱን ስነግራት በስልክ አለቀሰች። "አይቼ ነበር፣ ደግሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር" አለችኝ። አይደለም እናቴ። አንቺ ነግረሽኛል። አላዳመጥኩም እንጂ።

አሁን ለእናንተ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ እናትና አባት ቤት ናችሁ። ዶሮው ይቆያል። ጫማቸውን አውልቁላቸውና እግራቸውን እዩ፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁ ጎድጉዶ ከቀረ ዝም አትበሉ። ስንት ትራስ ላይ እንደሚተኙ ጠይቁ። "እርጅና ነው" ካሏችሁ ሐኪም ይበል በሏቸው። ጉዞም የምትወስዷቸው ከሆነ፣ ውሰዷቸው! ሐይቁንም ተራራውንም አሳዩዋቸው። ብቻ መጀመሪያ ልባቸው ይታይ።

ልጆቹ ሳንቲሟን አባባ ባሳያቸው ቦታ መልሰው ሊያዩዋት ስለፈለጉ ከጥምቀት በኋላ ወደ ዲንሾ እንሄዳለን። እማዬም "እመጣለሁ" ብላለች። ትናንት ማታ እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ ለማየት በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አንድ ትራስ ነው።