ቶር ያለው ይቅደም

በየወሩ 28ኛው ቀን ፖስታ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ምሳውን ቋጥሮ ቢሄድ ይሻለዋል። በዚያ ቀን ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ማለትም ብሔራዊ መድን ድርጅቱ፣ የአረጋውያንን አበል ያስገባል። እዚህ እስራኤል አገር ደግሞ አበሉን በፖስታ ባንክ የሚቀበል አዛውንት ጥቂት አይደለም። እናቴ ከነሱ አንዷ ናት። በሩ ሳይከፈት ትደርሳለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መታወቂያዋን በመሐረብ ጠቅልላ። በር ላይ ከሚጠብቁት ግማሹን ከመርካዝ ክሊታ፣ ከአዲስ ገቢዎች መቀበያው ጣቢያ፣ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። የቀሩት ሩሲያኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ቋንቋ ባይኖራቸውም በጉልበት ሕመም ይግባባሉ።

በሩ ሲከፈት ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ፊደልም አለው። ለገንዘብ አንድ ፊደል፣ ለጥቅል ሌላ፣ ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይዞ ለመጣ ደግሞ ሌላ። ሰሌዳው ላይ ፊደሎቹ እየተቀያየሩ ሲበሩ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። እናቴ የዕብራይስጥ ፊደል አታነብም፣ ቁጥር ግን አይጠፋባትም። ስለዚህ "ሠላሳ አንድን ጠሩ፣ እኔ ሠላሳ ነኝ፣ ዘለሉኝ!" ብላ ትነሳለች። አልዘለሏትም፣ ያ በሌላ ፊደል የተጠራ ነው። ይህን ሁልጊዜ አስረዳታለሁ፣ ሁልጊዜም አታምነኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

መስኮቶቹ አምስት ናቸው፤ ሰው የሚቀመጥባቸው ሁለቱ፣ ቀኑ ጥሩ ከሆነ ሦስቱ። አንዱ ጋ ሁለት ጎረምሶች የመኪና ስም ያዛውራሉ፤ ሻጩም ገዥውም መታወቂያና ሊብሬ ይዘው ቆመዋል፣ አንዷ ወረቀት ጎድላ አንደኛው ወንድሙ ጋ እየደወለ ነው። አጠገባቸው አንዲት ሴት ዶላር ትመነዝራለች። ከኋላዋ የቆመው አርኖናውን (የማዘጋጃ ቤት ግብሩን)፣ የመብራቱንና የትራፊክ ቅጣቱን አንድ ላይ ይዞ መጥቷል። ደብዳቤ ሊልክ የመጣ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። በአንዱ መስኮት ይህን ሁሉ ዓይነት ሥራ የምትሠራው አንዲት ወጣት ፓኪዳ፣ የመስኮት ሠራተኛ፣ ናት። ውሃ ለመጠጣት ከወንበሯ ስትነሳ አዳራሹ በሙሉ "ወዴት? ወዴት?" ይላታል። እሷ ላይ መጮህ ያሳፍራል፣ ግን ይጮሁባታል፤ ሌላ የሚጮሁበት ሰው ስለሌለ።

ደግሞ አለ የጥያቄው ሰውዬ። "ራክ ሼኤላ፣ ራክ ሼኤላ" እያለ በጎን ይገባል፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት ያለችው። ጥያቄዋ ስትመለስለት ከኪሱ ሦስት የክፍያ ወረቀት ይወጣል። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ሩሲያዎቹ ግን ዝም አይሉም፤ በእነሱ ጩኸት የእኛም ተራ ይከበራል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቶር በስልክ ይያዛል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ለ28ኛው ቀን ያለው ሰዓት ግን ቀድሞ ያልቃል፤ የሚጨርሰውም ስልክ የሚያውቅ ሰው ነው። ቶር የያዘው ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ ይገባል፣ ይጠራል፣ ይወጣል። ጠዋት በሩን ከፍተው የገቡት እማማዎች ዓይናቸውን ከእሱ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ እሱ ያመላልሳሉ። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም።

እኔም ያው ነኝ። በቅርቡ ከቻይና ጫማ አዝዤ ነበር። መልእክት መጣልኝ፣ ጥቅሉ ሰፈራችን ያለችው ማኮሌት፣ ትንሿ ሱቅ፣ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ከሽንኩርቱና ባምባ ከሚሉት የልጆች መክሰስ ካርቶን ጀርባ ጎትቶ ሰጠኝ፣ ወተት ጨምሬ ገዛሁና ወጣሁ። የፖስታ ቤት ደጅ ሳልረግጥ። ሰልፉ አጠረ የሚሉት እንግዲህ ውሸታቸውን አይደለም፤ ለእኔ አጥሯል። ከሰልፉ የወጣነው እኛ ወጣቱና ጎልማሳው ነን። እኛ ስንወጣ ደግሞ "ሰው ቀንሷል" ተባለና መስኮቱም ቅርንጫፉም ተቀነሰ። እናቴ በእግሯ ትሄድበት የነበረው ተዘግቶ አሁን አውቶቡስ ትሳፈራለች። የተዘጋው ቅርንጫፍ ሰው ሁሉ እዚህኛው ላይ ተጨምሯል። ለእኔ ባጠረው ልክ ለእሷ ረዝሟል።

በፈረንጆቹ 2024 ፖስታው ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለግል ባለሀብት ተሸጧል። የሰልፉ ፖለቲከኞች በዚህ ጉዳይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን "ባለቤት አገኘ፣ አሁን ይስተካከላል" ይላል። ሌላው "ነጋዴ ለአሮጊት ብሎ መስኮት አይከፍትም" ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በመንግሥት እጅ እያለም አልከፈቱትም።

"ታዲያ ለምን ባንክ አትከፍችላትም?" የሚለኝ ብዙ ነው። ከእሷ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። የፖስታ ባንክ ብድር አይሰጥም፣ ከሌለህ ገንዘብ ላይ አያወጣልህም። ለሌላ ሰው ይህ ጉድለት ነው፣ ለእናቴ ግን ደግነቱ እዚህ ላይ ነው። ያለው አለ፣ የሌለው የለም። ባንክ ቤት "ሚኑስ" የሚባል፣ ከሌለህ ገንዘብ አውጥተህ ባለዕዳ የምትሆንበት ጉድ እንዳለ ሰምታለች፤ የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ውስጥ ገብቶ ስንት ዓመት እንደፈጀበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የፖስታ ባንኩ ካርድም አላት፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። በስልክ ላሳያት ስል "ገንዘቤ ስልክ ውስጥ ገብቶ ባትሪው ቢያልቅስ?" አለችኝ። የምትፈልገው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው። የመብራቱም የውሃውም ደረሰኝ ዓመት በዓመት ታስሮ በብስኩት ቆርቆሮ ተከምሯል። አንድ ጊዜ አልከፈላችሁም ተብለን ያንን ቆርቆሮ ይዛ ሄዳ አሸንፋ ተመልሳለች፤ ስለዚህ ስለ ወረቀት ከእሷ ጋር መከራከር አያዋጣም።

ደግሞ ከተቀበለችው ላይ ጎንደር ላለችው እህቷ የምትልከው እዚያው መስኮት ላይ ነው፣ በዌስተርን ዩኒየን። የገንዘቡን መቀበያ ቁጥር በስልክ አንድ በአንድ እየጮኸች ታነብላታለች፣ ወረፋው ሁሉ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ዝም በይ ብያታለሁ። ለእሷ ይህ ፈጣን ነው። መጀመሪያ የመጣን ጊዜ ደብዳቤና ካሴት ነበር። እዚያ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል፤ አክስቴ ሣጥን ስላልነበራት በአንድ አስተማሪ መሥሪያ ቤት ሣጥን በኩል ነበር የምንልክላት። ለፋሲካ የተላከ ካሴት ክረምት ገብቶ ይደርሳል። ያንን የጠበቀች ሴት አሁን በሁለት ሰዓት ሰልፍ የምትማረር አይምሰላችሁ። የምንማረረው እኛ ልጆቿ ነን፤ እሷ የሚያሳዝናት ጉልበቷ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ሰልፍ አይጠብቅም ይላል፤ ግድግዳውም ላይ ተለጥፏል። እናቴ ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት እንደተወለደች ከእናቷ ሰምታለች፤ ሰማንያን አልፋለች ማለት ነው። መታወቂያዋ ግን ሌላ ይላል። በፈረንጆቹ ግንቦት 1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ስንገባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው ያራገፉት። መዝጋቢው ፊቷን አየት አደረገና 1949 ብሎ ጻፈ። በግምት ዕድሜ የተቆረጠለት የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ በዚሁ ምክንያት ጡረታው የዘገየበትም አለ። እሷ መጀመሪያ ላይ ትኮራበት ነበር፣ "ወጣት መስያቸው ነው" እያለች። አሁን ፓኪዳዋ መታወቂያውን አይታ "ገና ነሽ" ስትላት ነው የሚቆጫት። ፍርድ ቤት ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፤ ምስክር፣ ማስረጃ፣ ጠበቃ ይጠይቃል። ሳማክራት "ሰልፍ ላለመሰለፍ ብዬ ሌላ ሰልፍ ልሰለፍ?" ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ ቶሩን የምይዝላት እኔ ሆንኩ። ወሬው ሲሰማ የጎረቤት እማማዎችም የመታወቂያ ቁጥራቸውን በወረቀት እያስጻፉ ይልኩልኛል። እሺ፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያለው ይያዝለታል። የሌለውስ? ባለፈው ከእናቴ አጠገብ የተቀመጡ አባት ቶር የሚባል ነገር በስልክ እንደሚያዝ ያን ቀን ከእኔ ነው የሰሙት።

ለቅርንጫፉ ኃላፊ አንድ ነገር ጠየቅሁት። በ28ኛውና በማግስቱ አንድ መስኮት ቶር ለሌላቸው ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩንም በሰሌዳው ብቻ ሳይሆን በአፍም ጥሩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ራሱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲያግዝ አይቼዋለሁ። "ውሳኔው ከላይ ነው፤ በጽሑፍ አስገቢ" አለኝ። አስገብቻለሁ። እናንተም አባት ወይም እናት በዚያ ቀን የሚሰለፍባችሁ ከሆነ ይህንኑ ጥያቄ ለየቅርንጫፎቻችሁ በጽሑፍ አስገቡ፤ ዕብራይስጡ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ የእኔን እልክላችኋለሁ።